የእትየ ዘርፌ ምላስ

ሰርግ ቤት ስጠራ እስካሁን ራሴን የማዋርድበት አንድ አመል አለኝ። አሳላፊው ጠጁን ይዞ ወደ እኔ ጎንበስ ሲል፣ ብርሌውን መቀበል ትቼ መዳፌን እዘረጋለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። «እማዬ፣ ዛሬ እኮ እንግዳ ነሽ» ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ እንግዳ መሆን አልለመደብኝም። የሥራ ዘመኔን ከሞላ ጎደል የጨረስኩት ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የንብ እርሻና የጌሾ ጓሮ ባለው አንድ ጠጅ ቤት ውስጥ ነው። በእኛ ቤት ቀጂ ጠጁን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም ነበር። የጥንቱን የሚያውቁ ሰዎች መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነው ይላሉ። የቤቱ ጠጅ ጣይ እትየ ዘርፌ ግን የራሳቸው ትርጉም ነበራቸው። «አንች ያልደፈርሽውን ለሰው አትስጭ» ይሉኝ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ግን ጋሸና ነው። ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈት፣ የጭነት መኪናው እየበዛ ሲሄድ፣ መስቀለኛው ላይ ካለ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆንኩ። የጋሸና ሾፌር እንደ ጋሸና ነፋስ ነው፤ ሲገባ በር አይዘጋም፣ ሲወጣ አይሰናበትም። እዚያ የተማርኩት መፍጠንና መልስ መመለስ ነው። ሁለቱንም እትየ ዘርፌ በኋላ አስጣሉኝ፤ መፍጠኑን ሙሉ በሙሉ፣ መልሱን በከፊል።

ጋሽ አዳነን ያገኘሁት እዚያው ነው። ማር ነጋዴ ነበር። ከኩልመስክ ገበያ ሲመለስ እኛ ቤት ምሳ ይበላል። አንድ ቀን ወጡ ቀዘቀዘ ብሎ ከጮኸብኝ ሾፌር ጋር ስሟገት ሰማኝና፣ «አንች ልጅ፣ ያ ምላስሽ ማር ቢነካው ደግ ነበር» አለኝ። ላሊበላ የጠጅ ቤት ሊከፍት እንደሆነ፣ ፈረንጁም ያገሬውም ሰው መጥቶ ንቡን የሚያይበት፣ ጠጁን የሚቀምስበት ቦታ እንዳሰበ ነገረኝ። ንብ ለማየት ሰው ገንዘብ ይከፍላል ሲል ያበደ መሰለኝ። ደመወዙ ከጋሸናው እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ በዓመት በዓል ግን ማር ይሰጣል። ሄድኩ።

ቤቱ ከድንጋይ የተሠራ ክብ ቤት ነው። ዙሪያውን መደብ፣ ከወዲያ ማዶ ሁለት ትልልቅ ጋኖች። ከበስተጀርባው ጌሾው፣ ከጌሾው በላይ ቀፎዎቹ የተሰቀሉባቸው የወይራ ዛፎች። ጠጅ ጣይዋ እትየ ዘርፌ ነበሩ። አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሴት። ባላቸው ሞተው፣ ልጅ ሳይወልዱ፣ ያላቸውን ፍቅር ሁሉ ለጋን የሰጡ ነው የሚመስሉት። ሰው ላይም ቢሆን አልሰሰቱም፤ ብቻ ሰው ከጋን ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

አመላቸው ብዙ ነው። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ሲያሹ ማንም አያግዛቸውም። በወይራ ሲያጥኑ በር ይዘጋሉ፤ ጭሱ ለጋኑ እንጂ ለሰው አይደለም ይላሉ። ገበሬ ማር ይዞ ሲመጣ ከመቅመሳቸው በፊት በሁለት ጣታቸው መሐል ያሹታል። ስኳር የበላ ንብ ማር ለእጃቸው ይናገራል፤ እሳቸው ግን ገበሬውን አያሳጡም። «ይህ ለቤትህ ይሁንልህ፣ ያኛውን አምጣ» ብቻ ነው የሚሉት። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ማለት እሳቸው ናቸው።

ከሁሉም የሚገርመኝ የጠዋቱ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወርዱ ጆሯቸውን ጋኑ ሆድ ላይ ያስጠጋሉ።

«ምን አለ፣ እትየ?» እላቸዋለሁ።

«ገና ይጨቃጨቃሉ።»

ማርና ጌሾ ለእሳቸው ባልና ሚስት ናቸው። መጀመሪያ ይጣላሉ፣ ይጮሃሉ፣ ከዚያ አንዱ ለአንዱ እየተወለት ዝም ይላሉ። «ታረቁ» ያሉ ቀን ነው ጌሾው የሚወጣው። እኔም ጆሮዬን አስጠጋለሁ፤ ለዓመታት የሰማሁት የራሴን ልብ ምት ብቻ ነው።

የእኔ ሥራ እንግዳው ነበር። ፈረንጅ ብርሌን እንደ ዱላ ይጨብጣታል፤ አንገቷን በጣቶቹ መሐል ለስለስ አድርጎ መያዝ አስተምረዋለሁ። የፋሲካ ሰሞን የሚመጣው ያዲስ አበባ ሰው ደግሞ ቢራ ይጠይቃል። ወደ ቀፎዎቹ ከመውሰዴ በፊት ሁሉንም አሸታለሁ፤ ሽቶ ያለበት ሰው ንብ ዘንድ አይቀርብም። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ፣ «እኔን የምታሸቺኝ በግ ነኝ እንዴ?» ብሎ ተቆጥቶ አልፎኝ ሄደ። ከንፈሩ ተነፍቶ ተመለሰ። በዓመቱ ሚስቱን ይዞ መጣ፤ ገና ከበር ሳይገባ አንገቱን አቀረበልኝና፣ «አሽቺኝ» አለ።

ለገና በእግራቸው የሚመጡ ምእመናን በበራችን ሲያልፉ ብርዝ ይሰጣቸዋል። ብርዝ ማርና ውኃ ነው፤ ጌሾ ያልገባበት፣ ያልፈላ። ጋሽ አዳነ በዚያ ሰሞን ከእግረኛ ገንዘብ አይቀበልም ነበር። ብርዝ የሚጠጣ ሌላም ደንበኛ ነበረን፤ ሰይድ የሚባል የጋሸና ሾፌር። ቱሪስት ያመላልሳል፣ ከእነሱው እንግሊዝኛ ለምዶ ያስተረጉማል። እስላም ስለሆነ ጠጅ አይቀምስም። እትየ ዘርፌ ለእሱና ለመሰሎቹ ጌሾ ነክቶት የማያውቅ ማሰሮ ለይተው አስቀምጠው ነበር። ያንን ማሰሮ ሌላ ነገር የቀዳበት ሰው ወየውለት።

አንድ ክረምት እትየ ዘርፌ በጉንፋንና በትኩሳት ተኙ። ክፉ ሕመም ነበር። ተነሥተው ሥራቸውን ሲጀምሩ ከስተው ነበር እንጂ ሌላ ለውጥ አላየሁባቸውም። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በእንግዳ ፊት መቅመሱን ለእኔ ተዉልኝ። «ወገቤ ጎንበስ ማለት እንቢ አለኝ» አሉ። ደስ አለኝ። ማዕረግ የተሰጠኝ ነው የመሰለኝ።

ነገሩ ሁሉ የሆነበት ቀን ዓርብ ነበር። ቀኑን የማልረሳው በጾሙ ምክንያት ነው። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እኛ ምንም በአፋችን አይገባም፤ ስለዚህ ጠዋት የመጣ እንግዳ ያለ ቅምሻ ይቀዳለታል። ሰይድ ፈረንጆች ይዞ መጣ። ባገራቸው የወይን እርሻ ያላቸው፣ ወይን ጠጅ ጠምቀው የሚሸጡ ናቸው አለን። እትየ ዘርፌ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካከሉ። የባለሙያ እንግዳ መጥቶልን አያውቅም። ከክረምቱ በኋላ የጣሉትን ጋን፣ ገና አፉ ያልተከፈተውን፣ ለእነሱ ከፈቱ።

ግማሾቹ አስቀድመን ንቡን እንይ አሉ፤ እኔና ሰይድ ወደ ላይ ይዘናቸው ወጣን። ሦስቱ ከእትየ ዘርፌ ጋር ቤት ቀሩ። አንዷ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ ሴትዮ ነበረች። ጋሽ አዳነ ኩልመስክ ማር ሊገዛ ሄዷል።

ስንመለስ ሽታው ነው የተቀበለን። ከበሩ ጀምሮ ግቢው ሁሉ ጠጅ ጠጅ ይላል። ቤት የቀሩት ፈረንጆች ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ፤ ምንም አላወቁም። በጓሮ በኩል ዞሬ ስገባ እትየ ዘርፌ ጋኑን አጋድመው፣ በትከሻቸው ደግፈው፣ የመጨረሻውን ያፈሳሉ። ጠጁ በጌሾው መሐል ወርዶ ቦዩን ሞልቶታል። ጮኽኩ።

«እትየ! ምን ሁነው ነው?»

«ጠጁ ሙቷል።» ድምፃቸው በጣም ቀንሶ ነበር።

«ማን አለ?»

«ተፉት፣ ልጀ። ሦስቱም ተፉት። አንዷ አፏ ውስጥ አንከባለለችው፣ አንከባለለችውና ጣሳ ጠይቃ ተፋችው። ሌሎቹም ተከተሏት። አንች ወደ ታች ሳትወርጅ፣ እነዚያኞቹም ሳይቀምሱት ብየ ነው።»

በእኛ አገር የቀዱለትን የሚተፋ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ጠላት ነው፣ ወይ የተሰጠው ነገር የሚጠጣ አይደለም። እንግዳ ጠላት አይባልም። ስለዚህ ጥፋቱ የጠጁ ሆነ። እንግዳ ደግሞ የተፋውን ነገር ለሌላ እንግዳ መስጠት ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር ነው። እትየ ዘርፌ ያደረጉት የሚደረገውን ነው። ንቦቹ ከቀፎው ወርደው ቦዩን ከበቡት። እየጠጡ እየተንከባለሉ ይወድቃሉ። ፈረንጆቹ መጥተው በፎቶ አነሷቸው፤ የቤቱ ትርዒት መሰላቸው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል፤ የፈሰሰ ጠጅ ግን ንብ ያፍሰዋል። ያኔ መሳቅ አልቻልኩም። ለቀሪዎቹ ብርዝ ቀድቼ ወደ ነአኩቶ ለአብ ሸኘኋቸው።

ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠበቅኩ። ከዚያ ጋኑ ውስጥ እጄን አስገብቼ ግርጌው ላይ የቀረውን አንቡላ በጣቴ ጠርጌ ቀመስኩ። እንዲያ ያለ ጠጅ በዚያ ቤት ቀምሼ አላውቅም ነበር። ማሩ ፊት ይመጣል፣ ጌሾው ተከትሎ ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ ከዚያ አፍ ውስጥ ሁለቱም አሉ።

እትየ ዘርፌ ከመደቡ ላይ ሆነው ፊቴን ያያሉ። «እህ?» አሉ።

«እትየ፣ ይህ እኮ ደግ ጠጅ ነው። ቀምሰውታል?»

ፊታቸውን ወደ ጋኑ አዞሩ።

«ጾሙን ብለው ነው? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጠብቁ ምን ነበር?»

«ብጠብቅስ?» አሉ። «ከክረምቱ ወዲህ ምላሴ ሙቷል፣ ማንጠግቦሽ። ማርና ውኃ አንድ ነው ለኔ። ማሽተቱም እየመጣ ይሄዳል። ይመለሳል እያልሁ ዝም አልሁ። ምላስ የሌለው ጠጅ ጣይ ምን ይባላል? ሰው ቢተፋው በምን እከራከራለሁ?»

ይህን ብለው ተነሡና ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ዕቃቸው ብዙ አልነበረም። እኔ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሳቸው ከሄዱ ጋሽ አዳነ ሌላ ጠጅ ጣይ ከወልድያ ያመጣ ይሆናል፤ ቤቱ ግን ያ ቤት አይሆንም። ከዚያ በላይ የከበደኝ፣ እሳቸው ጋን በሌለበት ቤት ውስጥ እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ ማሰቡ ነው።

በዚህ መሐል የሰይድ መኪና ቆመ። ከገዳሙ ሲመለሱ ነው። ሽበታሟ ሴትዮ ባዶ ጀሪካን ይዛ ወረደች።

«ከጠዋቱ ጠጅ ሙይልኝ ትላለች» አለ ሰይድ። «መንገዱን ሁሉ ስለሱ ነው ያወራችው። እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም ትላለች።»

«ካልጠላችው ለምን ተፋችው?» አልኩት። በጋሸና ድምፄ ነው የተናገርኩት።

ሰይድ ጠየቃት፤ ከዚያ ራሱን ያዘ። «ሥራቸው እንደዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲቀምሱ ይውላሉ፤ ከዋጡት ይሰክራሉ። የሚተፉት አፋቸው ለሚቀጥለው ንጹሕ እንዲሆን ነው ትላለች። ባገራቸው ክብር ነው።» ቀጥሎም ወደ ሰማይ አየና፣ «ያ አላህ! ጠጅ የማልጠጣው ሰውየ ስለ ጠጅ ሳስታርቅ!» አለ።

የሆነውን ስንነግራት ሴትዮዋ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጣ ወደ ቦዩ ሄደች። ንቦቹን አየች። ተመልሳ እትየ ዘርፌ እግር ሥር ልትወድቅ ስትል እሳቸው ቀድመው ክንዷን ያዟት። «ተይ፣ ተይ እናቴ» ይላሉ፣ እሷ አማርኛ ሳታውቅ። ሁለቱ ሽበታሞች ተያይዘው ቆሙ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«እትየ፣ ይህን ጠጅ የጣሉት ከክረምቱ በኋላ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ምላስዎ ከሞተ በኋላ።»

«አዎን አልሁሽ።»

«እና በምን ጣሉት?»

እጃቸውን ገልብጠው አዩ። «በጆሮየ» አሉ ቀስ ብለው። «በእጄም። እንደ ዱሮው አደረግሁት።»

«እንግዲያው የጎደለው ምላስ ብቻ ነው። ምላስ ደግሞ እኔ አለኝ፤ ጋሸና የሰማው ሁሉ ይመሰክራል።»

ሳቁ። ዕቃቸውን ግን ወዲያው አልፈቱትም። ጋሽ አዳነ ማር ጭኖ ሲመጣ ሁሉንም ራሳቸው ነገሩት፤ ምላሳቸውንም፣ መድፋቱንም። ጋሽ አዳነ ግንፍል የሚል ሰው ነበር። ጋኑን ዞሮ አየው፣ በእጁ አንኳኳው። «ጋኑ ተሰበረ?» አለ።

«አልተሰበረም።»

«እንግዲያ ሙሉት» ብሎ ማሩን ሊያራግፍ ወጣ። በደመወዝ ጉዳይ ስንጨቃጨቅ የኖርነውን ሁሉ በዚያች ቃል ይቅር አልኩት።

እትየ ዘርፌ ግን አንድ ነገር አስማሉኝ። «ለኔ ብለሽ እንዳታሞግሽው። የምትቀምሽው በእንግዳ ፊት ነው፤ የምትናገሪውም በእንግዳ ፊት። ምላስ ከዋሸ ሞቶ ቢቀር ይሻላል።»

መማል ቀላል ነው። የሚቀጥለው ጋን የተከፈተ ቀን ቤቱ ሙሉ ነበር፤ ያዲስ አበባ ሰዎች፣ የገዳሙ አንድ አባት፣ ሁለት ፈረንጆች። ጋሽ አዳነ በር ላይ ቆሟል። እትየ ዘርፌ መደቡ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። መሮኛል። ጌሾው ከማሩ ቀድሞ ሄዷል። ቤቱ ሁሉ አፌን ያያል። ጋሽ አዳነ በዓይኑ ይለምነኛል። እትየ ዘርፌ አይለምኑኝም፤ ጆሯቸውን ብቻ ወደ እኔ ዘንበል አድርገዋል፣ ጋን እንደሚያዳምጡት። «ማለፊያ ነው» የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ እሳቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ በማን ምላስ ይሠራሉ?

«እትየ» አልኩ፣ «መሯል። ጌሾው ገፍቶታል።»

የገዳሙ አባት እንኳ አንገታቸውን ደፉ። እትየ ዘርፌ ለአፍታ ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ ጥርሳቸው ሁሉ ታየ። «ተመስገን!» አሉ፣ «ምላሴ ተመለሰ!» ተነሥተው ጋኑን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት፣ ጆሯቸውን አስጠጉት፣ «ማር እንጨምርበታለን፤ ይታረቃሉ» ብለው ለእንግዶቹ ብርዝ አዘዙ። ማንም ቅር አልተሰኘም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ እንግዳ የሚመጣው ለዚህ ሆነ። እኔ እቀምሳለሁ፣ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ እሳቸው ከመደባቸው ላይ ይፈርዳሉ። «ማሩ ገና አልተሸነፈም።» «ተይው፣ ሳምንት ይቆይ።» «ዛሬ ልክ ነው።» «ቅጅ!» ሰይድ ለፈረንጆቹ ሲተረጉም የራሱን እየጨመረ ያስቃቸዋል። ለሚተፋም እንግዳ ጣሳ አዘጋጀን። እትየ ዘርፌ ጣሳውን እስከ መጨረሻው አልወደዱትም፤ የሚተፋ ሰው ሲያዩ ግን ፊታቸውን ዞር አድርገው ይስቃሉ።

ሽበታሟ ሴትዮ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ መጣች። የዚያን ቀን አልተፋችም። ሰይድ ደግፎ ነው መኪናው ውስጥ ያስገባት።

እትየ ዘርፌ በእርጅናቸው፣ በሰላም ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሳላስበው ጆሮዬን ጋኑ ላይ ባስጠጋ፣ ከልቤ ምት ሌላ ነገር ሰማሁ። ይጨቃጨቃሉ። ማልቀስና መሳቅ አንድ ላይ መጣብኝ። ጠጅ ጣይ የሆንኩት ያን ቀን ነው እላለሁ። ለቅምሻው ብርቱካን የምትባል ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት አብራኝ ትሠራ ነበር። ዓይነ አፋር ናት፤ እንግዳ ሲመጣ መናገር ያስፈራታል። እኔም ያስማልኳት ያንኑ መሐላ ነው። ምላም ሁልጊዜ «ልክ ነው፣ እትየ» ትለኝ ነበር። ልክ የነበረው ጠጅ ስለነበር ይሁን፣ ስለፈራችኝ ይሁን አላውቅም። ይህ ነገር ብዙ ያብሰለስለኝ ነበር።

ጉልበቴ እንቢ ብሎ ሥራ የተውኩ ቀን ጋሽ አዳነ ድግስ አደረገ። ከዘራ ይዞ ነው የቆመው። ሰይድ ከነቤተሰቡ መጥቷል፤ ጎረቤቱ፣ ካህናቱ፣ እንግዳው ቤቱን ሞልቶታል። ለስንብቴ ብዬ በገዛ እጄ የጣልኩት ጋን ተከፈተ። እኔ በእትየ ዘርፌ መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ብርቱካን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ሰው ሁሉ ብርሌውን ይዞ ለምርቃት ይጠብቃል። አየችኝ፣ መሬት አየች፣ እንደገና አየችኝ።

«እትየ ማንጠግቦሽ» አለች፣ «ገና ነው። ጌሾው መሯል።»

ፊቴ ጋለ። እውነቱን ለመናገር ለአፍታ ተናድጄባታለሁ። ከዚያ ጥርሴ ሁሉ ሲታይ ተሰማኝ። ተነሥቼ ግንባሯን ሳምኳትና ከመደቡ ላይ ቦታዬን ለቀቅኩላት።

ለስንብቴ የቀረበልኝ ብርዝ ነው። ከሰይድ ጋር ከአንድ ማሰሮ ጠጣን። እንደዚያ የጣፈጠኝ መጠጥ የለም።